ደህና ናት ያልናት ልጅ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ማዳም ሀናን ወጥ ቤቱንም መጥረጊያውንም አላሳየችኝም። ጫማዬን እንዳወለቅኩ እጄን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰደችኝና ልጇን አሳየችኝ። ልጅቷ ሪም ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነው አለችኝ፤ ሳያት ግን የሦስት ዓመት ልጅ ነው የምታክለው። የሆስፒታል በሚመስል አልጋ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ከሆዷ ቀጭን ቱቦ ወጥቷል፤ ራስጌዋ ባለው ማሽን ላይ ጠርሙስና ረጅም ላስቲክ ተንጠልጥሏል።

«ትፈሪያለሽ?» አለችኝ ማዳም።

«አዎ፣ እፈራለሁ» አልኳት። ምን ልበል?

«ደግ። ካንቺ በፊት የነበረችው አልፈራም ብላ በሳምንቷ ጠፋች» አለችኝና ሻንጣዬን የማስቀምጥበትን ቦታ አሳየችኝ።

ዘይነባ እባላለሁ፣ የደሴ ልጅ ነኝ። እነሱ ዘይነብ ይሉኛል። ከዚያ በፊት ዱባይ፣ ሳትዋ ውስጥ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጽዳትና ምግብ ነበር የምሠራው። ሰዎቹ ጠቅልለው አገራቸው ሲገቡ አጅማን ያለው ኤጀንሲ ወደ ሻርጃ ላከኝ። የኤጀንሲው ሰውዬ «አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ አትሮጥ፣ አትረብሽ፣ ቀላል ሹግል፣ ቀላል ሥራ ነው» ነበር ያለኝ። እውነቱን ነው፣ አትሮጥም። ያን ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ሪም ክፍል ባዋልኩት እያልኩ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

ቤታቸው ሻርጃ፣ አል መጃዝ ነው፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ ላይኛው ወለል። ማዳም ሀናን ዮርዳኖሳዊት ናት። ባሏ ኢንጂነር ነው፤ ሥራው ሪያድ ያመላልሰዋል። ከሪም ሌላ ልጅ የላቸውም።

ሙያውን ያስተማረችኝ ሲስተር ሊሲ ናት። ሕንዳዊት ነርስ ናት፣ የኬረላ ሰው። ዱባይ፣ አል ሪጋ፣ ከአገሯ ልጆች ጋር ቢድ ስፔስ፣ ማለት በጋራ ክፍል አንድ አልጋ፣ ተከራይታ ትኖራለች። የሪም ኢንሹራንስ እየከፈላት ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ሻርጃ ትመጣለች። ቁመቷ አጭር፣ ቁጣዋ ረጅም። አረብኛዋ ከኔም የባሰ የተሰባበረ ነው፤ ግን የምትለው አንድም ቀን ጠፍቶኝ አያውቅም።

መጀመሪያ የሰማሁት ትምህርት «እጅሽን» የሚል ነው። በር ከፍቼ ስገባ «እጅሽን»፣ አፍንጫዬን ብነካ «እጅሽን»፣ ስልኬን አንስቼ ባስቀምጥ «እጅሽን»። በመጀመሪያው ወር የእጄ ቆዳ በሳሙና ብዛት ተላጠ። ሳሳያት ቅባት ሰጠችኝና ከመቀባትሽ በፊት ታጠቢ አለችኝ።

ቀጥሎ ምግብ አስተማረችኝ። ሪም በአፏ ብትመገብ ምግቡ የሚሄደው ወደ ሳንባዋ ነው። ስለዚህ ወተቷ በሆዷ ቱቦ ይገባል። የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ፣ ቱቦው ቦታው መሆኑን ማየት፣ ሲሪንጁን መግጠም፣ ወተቱን ማፍሰስ። መግፋት የለም፤ በራሱ ጊዜ ይውረድ። ሲያልቅ ቱቦውን በንጹህ ውሃ ማጠብ። ከዚያ ደግሞ ቶሎ ማስተኛት የለም። እኔ እንደ ለመድኩት ቶሎ ቶሎ ብዬ ወደ ሌላው ሥራ ልሂድ ስል ሊሲ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ ታስቀምጠኛለች። «የት ትሮጫለሽ? ሥራሽ እሷ ናት» ትለኛለች።

ከሁሉ የከበደኝ አክታ መሳብ ነበር። ሪም ማሳል አትችልም፤ ምራቋን መዋጥም አይሆንላትም። ትንፋሿ እርጥብ እርጥብ ሲል ማሽኑ ይከፈታል፣ ላስቲኩ አፏ ውስጥ ይገባል፣ አጭር አጭር እየተደረገ ይሳባል። ጥልቅ ብሎ ከገባ ያቆስላታል፤ ከቆየ ትንፋሽ ያሳጥራታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራው ሊሲ እጄን ከላይ በእጇ ያዘችልኝ። ሁለተኛው ቀን አልያዘችልኝም። ክንዷን አጣጥፋ ቆማ አየችኝ፤ ስጨርስ «እሺ» አለች። ከሊሲ አፍ «እሺ» መስማት እንደ ሽልማት ነው።

የቀረው መገላበጥ ነው፣ ቆዳዋ እንዳይቆስል መቃኘት፣ የተኮማተረ እግሯን ማፍታታት፣ መድኃኒቷን ሰዓቱን ጠብቆ መስጠት፣ መንቀጥቀጥ ሲመጣባት በጎኗ አድርጎ እስኪያልፍ መጠበቅ።

አንድ ቀን ሊሲን «በሽታዋ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ስትወለድ አየር አጠራት። አንጎሏ ተጎዳ።»

«ይድናል?»

«አይድንም። የኛ ሥራ እንዳይብስባት ማድረግ ነው» አለችኝ። ሊሲ ነገር ማለስለስ አታውቅም።

ሪም ግን ምንም የማታውቅ ልጅ አይደለችም። የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ዓይኗ ድምፁን ይፈልጋል። እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ መንዙማ ሳንጎራጉር ፈገግ ትላለች፤ ሳቆም ፈገግታው ይጠፋል። ስለዚህ ማቆም የለም፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነው። አክታ ሊይዛት ሲል ዓይኗ ወደ ግራ ይሸሻል፣ የእግሯ ጣቶች ይታጠፋሉ። ይህን ከሷ ጋር ውዬ አድሬ ነው የለየሁት፤ ሊሲም ማዳምም ያውቁታል። ወደድኳት። በደመወዝ የሚያዝ ልጅ አይወደድም የሚሉ አሉ፤ እኔ ወደድኳት።

ኮሮና ሲመጣ ሁሉም ነገር ተከታትሎ ተዘጋ። ሪም እግሯን የምትታሽበት ዱባይ ያለው ማዕከል ተዘጋ። አውሮፕላን ቆመና የማዳም ባል ሪያድ ቀረ። ሊሲ ያለችበት ሕንፃ ውስጥ በሽታው ስለተገኘ ማንም አይውጣ ተባለ። እኔና ማዳም ከሪም ጋር እዚያ ፎቅ ላይ ቀረን።

ማዳም እናት ናት እንጂ ማሽኑን አጥብቃ ትፈራዋለች። ሞተሩ ሲጮህ እሷ ሳሎን ናት። ስለዚህ እኔ እስባለሁ፣ እመግባለሁ፣ አገላብጣለሁ፤ እሷ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ሱቁ በር ላይ ትቶት የሄደውን ዕቃ አንድ በአንድ በአልኮል ትጠርጋለች። የቤቱ ሥራ ተገለባበጠና ማዳም ሻይ አፍልታ «ያላ፣ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ» እያለች ታቀርብልኝ ጀመር። ይህን አጅማን ላለችው የአክስቴ ልጅ በስልክ ብነግራት «ውሸታም» ብላ ሳቀችብኝ።

በዚያው ሰሞን ከኢንሹራንሱ መልእክት መጣ። ቤታቸው ድረስ ነርስ የሚላክላቸው ልጆች እንደ አዲስ ይታያሉ ይላል። ሐኪም በቪዲዮ ልጅቷን አይታ ጉዳቷ ቀላል ነው፣ መካከለኛ ነው ወይስ ከባድ የሚለውን ትወስናለች፤ ነርስ የሚቀጥለው ከባድ ለተባሉት ብቻ ነው። ማዳም አንብባ ነገረችኝ። «ሙሽኪላ የለም፣ ችግር የለም፣ የሪምን ፋይል ያውቁታል» አለች።

እዚህ ላይ እኛ ምን እንደሠራን ልንገራችሁ። የቀጠሮው ቀን ማዳም የሪምን የዒድ ቀሚስ አወጣች። እኔ አጠብኳት፣ ፀጉሯን ለሁለት ከፍዬ ሠራሁላት፣ ከንፈሯን ቅባት ቀባኋት። ከጀርባዋ ትራስ፣ ከግራ ቀኟ ትራስ፣ ከጉልበቷ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አደረግኩና ቀሚሷን ከላይ ዘረጋሁት። ትራስ የሚባል ነገር አይታይም፤ ቁጭ ያለች ቆንጆ ልጅ ናት። ማዳም ማሽኑን አይታ «ይሄን አንሺልኝ፣ ያስጠላል» አለችኝ፤ በር ኋላ ወሰድኩት። አክታዋንም አስቀድሜ ስቤላታለሁ። እንግዳ ይመጣል ሲባል ቤት እንደማሰናዳት ማለት ነው። የታመመ ልጅ ሳይታጠብ ሳይለብስ ለሰው ማሳየት በኔም አገር በማዳምም አገር ነውር ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አባቷ ኢራቃዊ ነው፤ እሷ እንግሊዝ አገር ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት። አረብኛ ትናገራለች፣ ግን እንደ ትምህርት ቤት አረብኛ ነው። ዱባይ ካለ ክሊኒክ ሆና በስልኩ ታየችን።

«ሪም እንዴት ናት?» አለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» አለች ማዳም።

ሐኪሟ እኔን ጠራችኝ። «አንቺስ አብረሻት የምትውይው፣ እንዴት ታያታለሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ደህና ናት» አልኩ።

እኛ ወሎዎች እንዲህ ነን። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ችግሩ ኋላ፣ ቁጭ ተብሎ፣ ቀስ ተብሎ ይወጣል። ጠያቂውም ይህን ያውቃልና ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ማዳምም ያደገችው በዚሁ ነው። ሐኪሟ ግን ኋላ የሚመጣ ነገር አለ ብላ አልጠበቀችም፤ እንደ ሰማችው ያዘችው።

«ትቀመጣለች?»

«ይኸው፣ ተቀምጣለች።»

«በአፏ መቅመስ ጀምራለች?»

ማዳም ሳቅ ብላ «እርጎ ትወዳለች» አለች። እውነት ነው፤ በጣት ጫፍ ምላሷ ላይ እናስነካታለን፣ ደስ ይላታል።

«መንቀጥቀጡስ?»

«ትልቁ ከመጣባት ቆየ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሪምም በዚያች ሰዓት ፈገግ አለች። ሐኪሟም ፈገግ አለች፣ ተሰናበትን። ማዳም ስልኩን ዘግታ «አየሻት፣ እንዴት እንዳማረች?» አለችኝ። እኔም ኮርቼ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሳኔው ደረሰ። መካከለኛ ነው ይላል። የነርሷ አገልግሎት በወሩ መጨረሻ ይቆማል። ማዳም በማዘን ፈንታ ደስ አላት። ባሏ ጋ ደውላ «መካከለኛ አሉ» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናት ናት፤ ልጅሽ እንዳሰብሽው አልተጎዳችም ሲሏት ማን ይጠላል?

ለሊሲ የነገርኳት እኔ ነኝ። ከተዘጋችበት ሆና በየቀኑ ትደውላለች፤ በላች ወይ፣ ተገላበጠች ወይ፣ ቆዳዋ እንዴት ነው ትላለች። ውሳኔውን ስነግራት «ማን ነው ደህና ናት ያለው?» አለችኝ።

«ሁላችንም» አልኳት።

«ስሚኝ ዘይነብ። አንቺ አክታ ትስቢያለሽ፣ ጎበዝ ነሽ። ሳንባዋ ውስጥ ያለውን ግን አትሰሚም። እኔ በየቀኑ ስለማዳምጣት ነው ሳይብስባት የምንደርስላት። ከኔ በፊት ከሆስፒታል አልጋ አትጠፋም ነበር። አሁን ብትገባ ደግሞ ብቻዋን ነው የምትገባው። በኮሮና ምክንያት አስታማሚ አያስገቡም።»

«እናቷንም?»

«እናቷንም።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሪምን አየኋት። ጮኻ አትጣራ፣ ደወል አትጫን። ዓይኗ ወደ ግራ ሲሸሽ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ማን ያውቅላታል? አንድ ሰው ለብዙ ልጅ በሚሮጥበት በዚያ ወቅት፣ ዝም ያለችውን ልጅ ደህና ናት ብለው ያልፏታል።

ማዳም ሳሎን ነበረች። ሄጄ «እንደገና እዩን በያቸው። እውነቱን እንንገራቸው፣ ከባድ ናት እንበላቸው» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «ያንን ቃል በቤቴ ውስጥ አትበይ። አላህ የሰጠኝን ልጅ እኔ በአፌ ከባድ ልበላት? አንቺ እናት ብትሆኚ ይህን አትይም።»

እናት ነኝ። ልጄን ደሴ እህቴ ጋ ትቼ ነው የመጣሁት፤ ይህንንም ታውቃለች። ቃሉ ወጋኝ፤ ነገር ግን የመኳረፊያ ጊዜ አልነበረም።

«ማዳም፣ ስም እናውጣላት አላልኩም። የምትችለውንና የማትችለውን እንንገራቸው ነው የምልሽ» አልኳት።

«ኸላስ! ይሄ ያንቺ ሹግል አይደለም» ብላ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ያን ቀን ፈራሁ። አውሮፕላን የለም፤ በዚያ ጊዜ አዲስ ሠራተኛ የሚያስገባ ቤት የለም። የአክስቴ ልጅ ጋ ልሂድ ብል ቢድ ስፔሳቸው በሽታ ፈርቶ ሰው አይቀበልም። ውጪልኝ ብትለኝ የት ነው የምገባው? ዝም ብል ደግሞ ሪምን ብቻዋን ይወስዷታል። ሪምን ሳገላብጥ፣ ወተት ሳሞቅ፣ ሳጥብ ይሄንኑ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ማዳምም ያን ቀን ሻይ አላመጣችልኝም።

በማግሥቱ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ማዳም መጥታ አልጋው አጠገብ ቁጭ አለች። እኔ ወተት እየሰጠሁ ነበር። ዓይኔን ከሲሪንጁ ሳላነሳ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አልኳት።

«ጠይቂ።»

«ሪም ሆስፒታል ብትተኛ አክታ እንደያዛት በምን ያውቃሉ?»

«ትንፋሿን ሰምተው ነዋ።»

«እኛ ትንፋሿ ሳይበላሽ ነው የምናውቀው» አልኳት።

ማዳም የሪምን እግር በእጇ ያዘች። «ሊሲ ምን አለችሽ? እኔንም አያስገቡኝም አለች?»

«አዎ።»

ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። «አብሽሪ» አልኳት፣ አይዞሽ ማለቴ ነው። ይቺ ቃል ወሎም ዮርዳኖስም አንድ ናት፤ ማስተርጎም አላስፈለገንም። ከዚያ ተነስታ ፊቷን ታጠበችና ኢንሹራንሱ ጋ ራሷ ደወለች። ስልኩን ከአንዱ ወደ አንዱ ቢያዞሩባትም አልተወቻቸውም፤ ያቺው ሐኪም እንደገና እንድታየን ቀጠሮ አስያዘች።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ገና ብቅ ስትል ማዳም «ባለፈው በደንብ አልነገርንሽም» አለቻት።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «አሁንም አትንገሩኝ። ስልኩን የሆነ ቦታ አስደግፉትና እንደ ወትሯችሁ ሥሩ። እኔ አያለሁ» አለች።

ስልኩን መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ከወተት ቆርቆሮ ጋር አስደገፍነው። የዒድ ቀሚስ የለ፣ የትራስ ድርደራ የለ፣ ማሽኑም ቦታው ነው። እጄን ታጠብኩ። ሪምን ስገለብጣት አንገቷ እንዳይወድቅ በክንዴ ደገፍኩት። ዳይፐሯን ቀየርኩ፣ ጀርባዋን አየሁ፣ አክታዋን ሳብኩ። ራስጌውን ከፍ አድርጌ ወተቷን ጀመርኩ። ሥራ ላይ ስሆን ሰው መኖሩን እረሳለሁ፤ መንዙማዬንም ጀምሬ ነበር።

መሃል ላይ የሪም እጅ ርግፍ ርግፍ አለ፣ ዓይኗ ተሰቀለ። ቱቦውን ቆልፌ ወተቱን አቆምኩ፣ በጎኗ አዞርኳት፣ አገጯን ደገፍኩ፣ ጠበቅኩ። አለፈላት። አፏን ጠረግኩ፣ አሳረፍኳት፣ ስትረጋጋ ወተቱን ቀጠልኩ።

«ቆይ» አለች ሐኪሟ። «አሁን ምን ሆነች?»

«መቼ?» አልኩ። የምሬን ነው፣ ምን እንደምትል አልገባኝም።

«እጇ ሲንቀጠቀጥ።»

«እሱማ ትንሹ ነው። መጥቶ ይሄዳል» አልኳት።

«ቶሎ ቶሎ ይመጣል?»

ማዳምና እኔ ተያየን። «በየቀኑ» አለች ማዳም። «ደጋግሞ የሚመጣበት ቀንም አለ።»

«እኔ እኮ ቆሟል ብዬ ነበር የያዝኩት።»

«ስለ ትልቁ የጠየቅሽን መስሎን ነው» አለች ማዳም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አልዋሸችም። ሌላ ሰው ቤታችን ገብቶ ያንን ቢያይ አምቡላንስ ይጠራል፤ እኛ ወተት አቁመን ወተት እንቀጥላለን። ለካ ሐኪሟ ስትፈልግ የነበረው ያንን የለመድነውን ነገር ነው።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ማዳም በየጥያቄው «አልሐምዱሊላህ» ልትል ትጀምርና መልሳ ትተወዋለች። ሳቄ መጣ፣ ግን ዋጥኩት።

ሲያልቅ ሐኪሟ አስረዳችን። «በዚህ ቃል እኛ ሐኪሞችም አንስማማም» አለች። «አንዱ የበሽታውን ስም አይቶ ይወስናል፣ ሌላው የአንጎሏን ፎቶ። አንዱ ከባድ ያለውን ሌላው መካከለኛ ይለዋል። እኔ የማየው እንዲህ ነው። ጉዳቱ የአንጎልና የነርቭ ነው፣ በልጅነት የመጣና የማይለቅ ነው። መንቀሳቀሷንም መረዳቷንም ይዟል። ሳንባዋንና ሆዷንም አስቸግሯል። ከዚህ በላይ ደግሞ ቀኑን ለመዋል የሌላ ሰው እጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት አያለሁ። ይህን ፋይሏ አይነግረኝም፤ ዛሬ ነው ያየሁት።»

«ከባድ ካልሽ ተስፋ የላትም ማለት ነው?» አለች ማዳም። ስታስጨንቃት የከረመችው ጥያቄ ይቺ ነበረች።

«አይደለም። ነገ ምን እንደምትሆን ቃሉ አይናገርም። ፈገግ ማለቷንም አይወስድባትም። ዛሬ ምን ያህል እርዳታ እንደሚገባት ብቻ ነው የሚናገረው። አላህን አመስግኚ፣ ማን ይከለክልሻል? ለኔ ግን የማትችለውን ንገሪኝ።»

ማዳም ሪምን እያየች «ብቻዋን አትቀመጥም» አለች። «አትውጥም፣ አታሳልም። ሲያማት አትነግረንም።»

«ከባድ ብዬ ጽፌያለሁ» አለች ሐኪሟ። ማዳም ራሷን ነቀነቀች፤ ቃሉን ግን በአፏ አላለችውም።

የሊሲ ሥራ ቀጠለ። ሕንፃቸው ሲከፈት ከስታ፣ ጭምብል ላይ ጭምብል ደርባ መጣች። ልስማት ስጠጋ «እጅሽን» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ማዳም ማሽኑ አጠገብ መጥታ «አሳዪኝ» አለችኝ። መጀመሪያ የሞተሩ ጩኸት ሲያስደነግጣት ላስቲኩን ትጥለው ነበር። ሊሲ እኔን እንዳደረገችኝ እጇን ከላይ ያዝኩላት። ማዳምን እጅ ይዤ ሥራ ሳስተምር ለኔም ግር ይለኝ ነበር። እያለ እያለ ለመደች፤ ሪምም በእናቷ እጅ ስትሳብ አትኮማተርም።

ብርዱ ሲገባ አንድ ጠዋት ሊሲ የሪምን ደረት አዳምጣ ፊቷ ተቀየረ። ሪም ትኩሳት የላትም፣ መልኳም ደህና ነው። «በቀኝ በኩል አልወደድኩትም። ዛሬውኑ ሆስፒታል» አለች። ማዳም መኪናዋን አስነሳች፣ እኔ ሪምን ታቅፌ ከኋላ ተቀመጥኩ።

የድንገተኛው ክፍል በር ላይ ከእግር እስከ ራሷ የተሸፈነች ነርስ ቆማለች። «ልጅቷን እንቀበላለን። አስታማሚ አይገባም፣ ትእዛዝ ነው» አለችን። በግድግዳው ሥር ሌሎች እናቶች ቆመዋል፤ ልጆቻቸው ውስጥ ናቸው። አንዷ በስልኳ ልጇን እያየች «አይዞህ» ትለዋለች። ያ ልጅ ቢያንስ ስልክ መያዝ ይችላል።

እኔ ልጮህ ነበር። ማዳም በክርኗ ገፋ አደረገችኝና ወደ ፊት ሄደች። አልጮኸችም፣ አልለመነችም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ልጄ ከባድ የነርቭ ጉዳት ያለባት ናት» አለች። «አትናገርም፣ አታሳልም፣ በአፏ አትመገብም። አክታ ሲይዛት የምናውቀው ከዓይኗ ነው። ያለ ሰው አንድ ሰዓት አትቆይም። ሐኪሟ ጽፋዋለች፣ ክፈቺና እዪው።»

ነርሷ ኮምፒውተሩን አየች። ስልክ ደወለች። ተመልሳ «አንድ ሰው ይግባ» አለች። «አንድ ብቻ።»

ማዳም ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ነጭ ሆኗል። «አንቺ ግቢ። ለሷ ከኔ አንቺ ትሻያለሽ» አለችኝ።

እውነት ለመናገር መግባት ፈልጌ ነበር። ልጅቷን ከእጄ ማውጣት ሞት መሰለኝ። ግን ማዳም በቤት ውስጥ ስትስብላት አይቻለሁ። «አንቺው ግቢ። አሁን ታውቂበታለሽ። ዓይኗን እያየሽ ቆዪ» አልኳትና ሪምን አስታቀፍኳት። በሩ ተዘጋ። እኔ መኪናው አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሳንባዋ ውስጥ ኢንፌክሽን ነበር፤ ሳይብስባት ተደረሰበት። ማዳም ከአጠገቧ ሳትለይ አስታማ ይዛት ወጣች። ሪም ከስታለች፣ ማዳምም ከስታለች። ቤት እንደገባን ማዳም ልብሷን ሳትቀይር እጇን ታጥባ ማሽኑን ከፈተች።

እኔ አሁን ከነማዳም ጋር የነበረኝን ውል ጨርሼ አጅማን ነው የምኖረው። የታመመ ልጅ ያለበት ቤት የሚቀጠሩ የአገሬ ልጆች ምን እናድርግ ብለው ይደውሉልኛል። ስለ ቱቦውና ስለ ማሽኑ ነርስ ታስተምራችኋለች እላቸዋለሁ። እኔ የምነግራቸው ሌላ ነው። ሐኪም «ልጅቷ እንዴት ናት?» ሲላችሁ ሰላምታ አይደለም። መጀመሪያ የማትችለውን ተናገሩ። ምስጋናው ኋላ ይደርሳል።